በድር የታሰሩ አንበሶች፦ የብላይንድ ፌይዝ ብቸኛ ሸክላ

ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ለተመለከተው ሰው ሁለቱ ፊቶቹ የሁለት የተለያዩ ሸክላዎች ይመስላሉ። የመጀመሪያው ፊት፣ በተለይም ሁለተኛው ዘፈን የሚገኝበት ቀጭን ቀለበት፣ መርፌ ሲመላለስበት ኖሮ ጥቁረቱን ለቆ አመድማ ሆኗል። ሁለተኛው ፊት ግን ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ይመስል ጠቁሮ ያበራል። ባለቤቱ አጎቴ ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ ይሠሩ በነበረበት ዘመን በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ያገለግል ከነበረ አንድ ወታደር ገዝተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ሸክላው ከእሳቸው ጋር ብዙ ቤት ቀይሮ፣ አሁን ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤታቸው፣ ከቡፌው ግርጌ ከሌሎች ሸክላዎች ጋር ተደርድሮ ይኖራል። ስለ እንግሊዛዊው የሮክ ባንድ ስለ ብላይንድ ፌይዝ የመጀመሪያና የመጨረሻ አልበም ልናገር የምፈልገው ነገር በዚህ የማለቅ ልዩነት ላይ ተጽፎ አግኝቼዋለሁ፦ ይህ ሸክላ አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ያ አንድ ፊት ግን ከብዙ ሙሉ አልበሞች ይበልጣል።

የባንዱን ዕድሜ በእኛ አቆጣጠር ላሰላው ሰው ነገሩ ሁሉ በአንድ ዓመት፣ በ1961 ዓ.ም. ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን፣ ድራመሩ ጂንጀር ቤከርና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃክ ብሩስ በሦስትነት ያቆሙት ክሪም የተባለው ዝነኛ ባንድ ኅዳር 17 ቀን ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት አዳራሽ የስንብት ዝግጅቱን አቅርቦ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ ስቲቭ ዊንውድ ይመራው የነበረው ትራፊክ ፈረሰ። ዊንውድ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ሆኖም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በስፔንሰር ዴቪስ ግሩፕ ውስጥ ሲዘፍን ከዕድሜው በብዙ የቀደመ ድምፁ አገር ያወቀው ነበር። ክላፕተንና ዊንውድ በዊንውድ የገጠር ቤት እየተገናኙ ያለ ምንም ዕቅድ አብረው መጫወት ጀመሩ፤ ቤከርም ወሬውን ሰምቶ መጣና ተቀላቀለ። ክላፕተን ከክሪም ጭቅጭቅ መውጣቱ ገና በመሆኑ የቤከርን መምጣት በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም ነበር፤ ዊንውድ ግን ከበሮውን ስለፈለገው የእሱ ሐሳብ ጸና። በመጨረሻም ፋሚሊ ከተባለው ባንድ ቤዝ ጊታርና ቫዮሊን የሚጫወተው ሪክ ግሬች ተጨመረና አራት ሆኑ።

ፈረንጆች ሱፐርግሩፕ የሚሉት እንዲህ ያለውን ስብስብ ነው። በዚያው በ1961 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ባለቤት ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዋናውን ድምፃዊ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዋናውን ከበሮ መቺ፣ ከምድር ጦር ዋናውን ሳክስፎን ነፊ አስኮብልሎ በአንድ መድረክ አቁሟቸዋል ብለን እናስብ፤ በመጀመሪያው ምሽት ሰው በር ሰብሮ እንደሚገባ አያጠራጥርም፤ በሦስተኛው ምሽት ግን ማን ማንን ያጅባል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እዚህ ላይ ያበሩት አንበሶቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ድሩን ያደሩት ደግሞ ሥራ አስኪያጆቻቸው፣ የሸክላ ኩባንያዎቹና ክሪምን ሰምቶ ያልጠገበው ሕዝብ ናቸው። ጭፍን እምነት የሚል ትርጉም ያለው ስማቸው እንኳ ሽፋኑን ያነሣው ፎቶግራፈር ለሥራው ከሰጠው ርእስ የተወሰደ ነው። ያ ሽፋን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን በማይገባ አኳኋን ያሳየ በመሆኑ ተቃውሞ ስላስነሣ፣ አሜሪካ ውስጥ የአራቱ ሙዚቀኞች ፎቶግራፍ ያለበት ሌላ ሽፋን ተዘጋጀለት፤ የአጎቴ ሸክላ የለበሰው ይህንኛውን ነው፤ ከመጀመሪያውም ሊሆን የሚገባው ይኸው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ለገጣፎ ስደርስ ሰማዩ ከየረር በኩል ጠቁሮ ነበር። በመንገድ ላይ አልበሙን በስልኬ ከዳር እስከ ዳር ስለሰማሁት፣ ከሸክላው የተለየ ነገር እጠብቅ እንደነበር አልደብቅም። አጎቴ ሸክላውን ከከረጢቱ ሲያወጡት ገጹን ፈጽሞ አይነኩትም፤ ጠርዙን በመዳፋቸው፣ መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት በጣታቸው ደግፈው፣ ትኩስ እንጀራ ከሰፌድ ወደ መሶብ እንደሚያወርድ ሰው በጥንቃቄ ያስቀምጡታል።

«ጋሼ፣ በሁለተኛው ፊት ብንጀምርስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝ። «እሱን ቤትህ ሄደህ ስማው። እዚህ ቤት ይህ ሸክላ አራት ዘፈን ነው ያለው።»

ከአራቱ የመጀመሪያው «ሃድ ቱ ክራይ ቱዴይ» ይባላል፤ ዛሬ ማልቀስ ነበረብኝ እንደማለት ነው። ርዝመቱ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው። አንድ ከባድ የጊታር ሐረግ ይነሣል፣ ዊንውድ በዚያ ላይ እንደ ጩኸትም እንደ ልመናም በሆነ ከፍተኛ ድምፅ ይዘፍናል፣ ሐረጉ ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሁለት ጊታሮች አንዱ ከግራው ሌላው ከቀኙ ድምፅ ማጉያ እየወጡ ይነጋገራሉ። በስልክ ማዳመጫ የሰማሁት ይህ ምልልስ ራሴን ለሁለት የከፈለው መስሎኝ ነበር፤ በአጎቴ ሳሎን ግን ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች የቡፌው ግራና ቀኝ ስለቆሙ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ላይ የሚከራከሩ ያህል ቦታቸው ተለይቶ ይታወቃል። ሁለት ደቂቃ ቢቀነስለት ምንም የሚጎድልበት አይመስለኝም፤ ቢሆንም አራቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው መደማመጣቸው ከሁሉ በላይ የሚሰማው በዚህ ዘፈን ነው።

ሁለተኛው ዘፈን ሊጀምር መርፌው ጸጥተኛዋ ክፍተት ላይ እንደደረሰ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አጎቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው መርፌውን አነሡት። በለገጣፎ ክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሌላ ማንኛውንም የሮክ ዘፈን ከዝናቡ ጋር አወዳድሮ መስማት ይቻል ይሆናል፤ «ካንት ፋይንድ ማይ ዌይ ሆም» ግን ከዝናብ ጋር አይወዳደርም። ቡና ተፈላ፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ መብራት ሄደ፤ ዝናቡ ሲያባራ አጎቴ በረንዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ጀነሬተር አስነሥተው ገመዷን በመስኮት አስገቡና ወደ ሸክላቸው ተመለሱ።

ርእሱ የቤቴ መንገድ ጠፋብኝ የሚል ስሜት ያለው ይህ የዊንውድ ድርሰት ከሦስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ክሪምን የሚያውቅ ሰው ከክላፕተንና ከቤከር የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ከዚህ ዘፈን ውስጥ የለም። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ተቀምጦ አኩስቲክ ጊታር ተነሥቷል፤ ቤከር፣ በክሪም ዘመን መድረኩን ያናውጥ የነበረው ሰው፣ እዚህ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ይመስል በለሆሳስ ይመታል፤ ዊንውድ ደግሞ ድምፁን ወደ ላይ ወደ ቀጭኑ ወስዶ፣ ሳያለቅስ፣ ሳይጮህ፣ የደከመውን ሰው ነገር ይነግረናል። ትዝታን እየሰማ ያደገ ጆሮ ይህን ዘፈን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ፤ ቅኝቱ አንድ ስለሆነ አይደለም፣ ኀዘን ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር እንደሚበረታ እኛም ከትዝታ ስለተማርን ነው። አመድማው ቀለበት የሚንሾካሾክ ጩኸት ነበረው፤ መርፌው በተቦረቦረው መስመር ላይ ሲሄድ ከጊታሩ ሥር እንደ ድስት ጥብስ የሚል ድምፅ ይከተለዋል። ከዚህ ሌላ፣ በጀነሬተር ስንሰማው ዊንውድ በስልኬ ከሰማሁት ጥቂት ቀጥኖ ነበር። የአጎቴ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኤሌክትሪኩ ሄርዝ ነው፤ የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ሲሆን ትንሿ ጀነሬተር ሸክም ሳይበዛባት ከዚያ ትንሽ ታልፋለች፤ ስለዚህ ሸክላውም በዚያው ልክ ፈጥኖ ይዞራል፣ ዘፋኙም ቁልፉን ከፍ ያደርጋል። አጎቴ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፤ የክረምት ድምፁ ነው አሉኝ።

«ዌል ኦል ራይት» አሜሪካዊው ባዲ ሆሊ በፈረንጆች 1950ዎቹ መጨረሻ የተጫወተው ዘፈን ሲሆን፣ በአልበሙ ውስጥ የሌላ ሰው ድርሰት እሱ ብቻ ነው። ደስ የሚል ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አራተኛው «ፕረዘንስ ኦቭ ዘ ሎርድ» የክላፕተን ድርሰት ነው። ደራሲው ራሱ ከመዝፈን ይልቅ ለዊንውድ መስጠቱ በዚህ ባንድ ውስጥ የተደረገ ትልቁ ብልህነት ይመስለኛል፤ ክላፕተን በዚያ ዘመን በድምፁ ገና አይተማመንም ነበርና። ዘፈኑ መጠለያ ያገኘ ሰው ምስጋና ነው። በዝግታ፣ መዝሙር በሚመስል አካሄድ ይጀምርና ሰው ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ምቱ በድንገት ይፈጥናል፤ ክላፕተን ዋዋ ፔዳሉን እየረገጠ ጊታሩን እንደ ሰው ያስለፈልፈዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መዝሙሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። አጎቴ የእሑድ ጠዋት ዘፈናቸው ይህ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ መሆኑን ግን አበክረው አስገንዝበውኛል። በእኔ ሚዛን መሐሉ ላይ ያለው የጊታር ፍንዳታ ባይኖር ምስጋናው ስብከት ይሆን ነበር፤ ምስጋናው ባይኖር ደግሞ ፍንዳታው የክሪም ትርፍራፊ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ፊቱ ያልቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት ግን ሥራው እንዴት ባለ ጥድፊያ እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀረጻው ለንደን ውስጥ በሞርጋንና በኦሊምፒክ ስቱዲዮዎች፣ ከትራፊክና ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ሲሠራ በነበረው ፕሮዲዩሰር በጂሚ ሚለር መሪነት ለወራት ቢካሄድም፣ አብዛኛው ጊዜ ዘፈን ሳይኖር እንዲሁ በመጫወት አልፏል። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት፣ ግንቦት 30 ቀን፣ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በነጻ ባቀረቡት የመጀመሪያ ዝግጅታቸው ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ፊት ቆሙ። አብረው ባደባባይ አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወቱ አራት ሰዎች በእንዲህ ያለ ባሕር ፊት ልምምዳቸውን እንዲያደርጉ መገደዳቸው ነው ለእኔ የሚታየኝ። ወዲያው ወደ ስካንዲኔቪያ፣ ከዚያ ሐምሌ 5 ቀን ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከጀመረው የአሜሪካ ጉዞ ላይ ተጫኑ፤ ሸክላውም ተጣድፎ መውጣት ነበረበት። ስድስት ዘፈን፣ አርባ ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚህ ውስጥ አሥራ አምስቱን ደቂቃ አንድ ዘፈን ብቻውን ወሰደው።

«ሲ ኦቭ ጆይ» ሁለተኛውን ፊት ይከፍታል፤ የግሬች ቫዮሊን የምትሰማው እዚህ ነው። ዘፈኑ ያላለቀ ቤት ይመስላል፤ ግድግዳው ቆሟል፣ መስኮቱ አልገባም፤ ቫዮሊኗ ግን በዚያ ክፍት መስኮት የምትገባ ንፋስ ሆና ታስደስታለች። ቀጥሎ የሚመጣው «ዱ ዋት ዩ ላይክ» የቤከር ድርሰት ሲሆን፣ እንደ ርእሱ ሁሉም በየተራው የወደደውን ያደርግበታል፦ ዊንውድ በኦርጋኑ፣ ክላፕተን በጊታሩ፣ ግሬች በቤዙ፣ በመጨረሻም ቤከር በከበሮው። ምቱ አምስት አራተኛ ነው፤ ስድስት ስምንተኛውን ጭክችካ የለመደ ትከሻ አንድ ምት እየጎደለበት በየዙሩ ይደናቀፋል። ይህን መደናቀፍ መጀመሪያ ወደድኩት። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ግን ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ሰልፍ እንጂ ባንድ እየሰማሁ እንዳልሆነ ተገነዘብኩ። የቤከር ሶሎ ብቻውን ሲደመጥ የእጅ ሥራው የሚያስደንቅ ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው ጥፋቱ፣ ሊሞላ የሚገባው ባዶ ቦታ ስለነበረ የገባ ነውና።

ቤከር ለአፍሪካ ከበሮ የነበረው ፍቅር የሽፋን ወሬ እንዳልነበረ በኋላ ያደረገው ነገር ያስረዳል። ከዚህ ባንድ መበተን በኋላ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫውቶ በፈረንጆች 1971 አልበም አወጣ፤ ሰሃራን በሬንጅ ሮቨር አቋርጦ ናይጄሪያ ገባ፤ ሌጎስ ውስጥ ስቱዲዮ እስከመክፈት ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም እስካረፈበት ቀን ድረስ ሮክ ተጫዋች ሲሉት የሚቆጣ፣ ራሱን ከጃዝ ወገን የሚቆጥር ሰው ነበር። ከፌላ ጋር የሠራውን ሰምቶ ወደ «ዱ ዋት ዩ ላይክ» ለሚመለስ ሰው ረጅሙ ሶሎ መንገድ የሚፈልግ ሰው እርምጃ ሆኖ ይሰማዋል፤ ይህም ዘፈኑን ይቅር እንድንለው ይረዳል፤ እንድንወደው ግን አያስገድድም።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር አጭር ነው። ሕዝቡ የመጣው ብላይንድ ፌይዝን ለመስማት ሳይሆን ክሪምና ትራፊክ በአንድ ትኬት እንዲቀርቡለት ነበር፤ የድሮዎቹን ዘፈኖች እየጠራ ይጮኻል፤ እነሱም የራሳቸው ዘፈን ስላነሳቸው የድሮውን ይጨምሩለታል። ክላፕተን ልቡ ሸፈተ፤ ከራሱ ባንድ ይልቅ መድረኩን ከሚከፍቱላቸው ከዴላኒና ቦኒ ጋር መዋልና መጓዝ አበዛ። አልበሙ በእንግሊዝም በአሜሪካም በሽያጭ አንደኛ ሲወጣ ባንዱ ውስጡ አልቆ ነበር። የመጨረሻ ዝግጅታቸውን ነሐሴ 18 ቀን ሃዋይ ላይ አቀረቡ፤ ዕንቁጣጣሽ ሳይደርስ አራቱ መድረክ ላይ አብረው መታየታቸው አበቃ። ክላፕተን ወደ ዴላኒና ቦኒ ሄደ፤ ዊንውድ ትራፊክን መልሶ አቋቋመ።

አልበሙን ዛሬ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ያለኝ ምክር ይህ ነው። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ያገለገለ ሸክላ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ፊት ብቻ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ይመርምር፤ ጭረቱ ከሁለተኛው ፊት ከሆነ ዋጋ አስቀንሶ ይግዛ እንጂ አይመለስ። በፈረንጆች 2001 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ እትም ስቱዲዮ ውስጥ እንዲሁ የተጫወቷቸውን ረጃጅም ልምምዶች ጨምሯል፤ የመጀመሪያውን ሲዲ አንድ ሁለት ትርፍ ዘፈን አዳብሮታል፣ ሁለተኛው ግን ለተመራማሪ እንጂ ለአድማጭ አይደለም። የሃይድ ፓርኩ ዝግጅት በፊልም ስለተቀረጸ እሱን ማየት ይሻላል፤ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ፍርሃት ከብዙ ትንታኔ በላይ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ግን በኋላ የመጣው ነው። በየካቲት 2000 ዓ.ም. ክላፕተንና ዊንውድ በዚያው በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሦስት ምሽት አብረው ተጫወቱ፤ ከዚያ በወጣው የመድረክ አልበም ላይ ከዚህ ሸክላ የመጀመሪያ ፊት አራቱም ዘፈኖች አሉ፤ ከሁለተኛው ፊት አንድም የለም። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው እጃቸውን ወደ ቡፌው ዘርግተው «እኔ ምን አልኩ?» ከማለት በቀር የተለየ ደስታ አላሳዩም።

ቢሆንም ያን ቀን ለመንኳቸው። ጀነሬተሯ ከተነሣች አይቀር ብለው፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እሳቸውም ባላስታወሱት ጊዜ፣ ሸክላውን ገለበጡት። ያልተነካው ፊት እንደ ውኃ ጠራ፤ ጥብስ የሚል ነገር የለበትም፤ የግሬች ቫዮሊን ሳሎኑ ውስጥ ቆማ የምትጫወት መሰለች፤ እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ። የቤከር ተራ ደርሶ ከበሮው እየጋለ ሲሄድ ዓይናቸውን ሰዓታቸው ላይ አሳረፉ። በዚህ መሐል በረንዳው ላይ ያለችው ጀነሬተር ሳለች፤ ቤንዚኗ እያለቀ ነበር። ከበሮው ወፈረ፣ ዘገየ፣ ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ ድንጋይ እየወፈረ ሄዶ ድምፅ ማጉያዎቹ ጸጥ አሉ። ሸክላው ግን ገና በራሱ ጉልበት ይዞር ስለነበር፣ ጆሯችንን ስናስጠጋ ከመርፌው ጫፍ የትንኝ ያህል የቀጠነ ከበሮ ይሰማ ነበር።

«ቤንዚን ላምጣ ጋሼ?» አልኳቸው።

መርፌውን በጣታቸው አንሥተው ወደ ማረፊያው መለሱት። «ለዚህ ፊት?» አሉ።